አቼቶ የጠገበች መቁረጫ

ደባርቅ ውስጥ ሸጊቱን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ዛሬ ጠዋት ከአውቶቡስ የወረደ ነው፣ ወይ ብርድ የሚባል ነገር አይነካውም። ሌላው ሁሉ ያውቃታል። ከገበያው ወደ መናኸሪያው በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ሰማያዊ በር ባላት አንዲት ክፍል ውስጥ ከባልንጀራዋ ከሰልማ ጋር ተቀምጣ ድሪቶ ትሰፋለች። ልብስ ሰፊዎች የጣሉትን ቁርጥራጭ ትለቅማለች፣ አጥባ ትተኩሳለች፣ በካሬና በሦስት ማዕዘን ቆርጣ ትገጣጥማለች፣ ከሥሩ ጥጥ አንጥፋ ገበር ትደርብበታለች። የሚወጣው ብርድ ልብስ ወደ ስሜን ተራራ የሚያልፈውን ፈረንጅ ሁሉ ያስቆመዋል። ዳባት ያሉት እናቷ ግን እስከ ዛሬ አልተዋጠላቸውም። «እኔ ከድሪቶ አውጥቼ ዳርኩሽ፣ አንቺ ተመልሰሽ ድሪቶ ትሸጫለሽ?» ይሏታል በሄደች ቁጥር። «አሁን እኮ ሀብታም ነው የሚለብሰው፣ እማዬ» ትላለች ሸጊቱ። እናቷ ይህን ሰምተው ሀብታሞችን ይታዘባሉ።

ከስፌቷ እኩል ተንኮሏም ይታወቃል። ከተንኮሎቿ ሁሉ ግን አንዱን ከሰልማ በቀር የሚያውቅ የለም። ደንበኛ በዋጋ ሲከራከር አርፍዶ፣ ሄዶ ሻይ ጠጥቶ፣ ተመልሶ መጥቶ እንደገና ከተከራከረ፣ ሸጊቱ በመጨረሻ አንገቷን ዘንበል አድርጋ «እሺ፣ ለእርስዎ ሲባል» ትላለች። ከዚያ በብርድ ልብሱ ጥግ፣ በአበባውና በኮከቡ መካከል፣ አውራ ጣት የምታህል አህያ ቆርጣ ትሰፋለች። አህያዋ መኖሯን ለማያውቅ ሰው አትታየውም። ከከተማው ቆጥቋጣ ግማሹ አህያ ደረቱ ላይ አስተኝቶ ያድራል። ሰልማ መጀመሪያ «ይሄማ ነውር ነው» ብላ ተቆጥታ ነበር። በኋላ ግን የአህያዋ ጆሮ አጠረ ብላ ያረመቻት እሷው ናት።

የሁለቱ ሴቶች ሀብት ሁለት የስፌት መኪናና አንዲት አረንጓዴ የመቁረጫ ምንጣፍ ነው። ምንጣፏን ያመጣቻት ከዓመታት በፊት ለሴቶች የስፌት ሥልጠና የሰጠች አንዲት ፈረንጅ ስትሆን፣ ስትሄድ ለሁለቱ በጋራ ትታላቸው ሄደች። ደህና ጠረጴዛ የምትሸፍን፣ እንደ ጫማ ሶል ጠንከር ያለች ላስቲክ ናት። ፊቷ ላይ ነጫጭ መስመሮች ወርደውና ተሻግረው እኩል እኩል ካሬ ሠርተዋል፤ ጀርባዋ ልሙጥ ነው። ጨርቁ ይዘረጋባታል፣ ማስመሪያ ይጫንበታል፣ ከዚያ እንደ ጎማ በሚሽከረከር ክብ ምላጭ አንዴ ሲሄዱበት ተደራርቦ የተቀመጠው ጨርቅ ሁሉ ቀጥ ብሎ ይቆረጣል። ምላጩ ያለፈበት ጭረት ደግሞ እያደር መልሶ ይገጥማል። ፈረንጇ በአስተርጓሚ፣ ፀሐይ አታሳዩአት፣ ትኩስ ነገር አታስነኩአት፣ ካውያ አታሳርፉባት፣ አቁማችሁ አታስደግፏት፣ በቀዝቃዛ ውኃ ብቻ እጠቧት ብላ አስጠንቅቃ ነበር። ሸጊቱ ይህን ሰምታ «ከአራስ ትብሳለች እኮ» አለች፤ ግን ቃል በቃል ጠበቀችው።

ሰልማ የአዲ አርቃይ ልጅ ናት፤ ወደ ደባርቅ የመጣችው ከነጋዴ ቤተሰብ አግብታ ነው። ከሸጊቱ ጋር በሥልጠናው አንድ መቀስ ለሁለት ደርሷቸው ተዋወቁ፣ ከዚያ ወዲህ አልተለያዩም። ሰልማ በረመዳን ስትጾም ሸጊቱ በፊቷ ውኃ አትጠጣም። ሸጊቱ ስትጾም ሰልማ ከቤቷ ሽሮ ይዛ ትመጣለች። የሚለያያቸው ሥጋ ብቻ ነው፤ አገሩም የሚኖረው እንደዚሁ ነው፣ የክርስቲያኑ ለክርስቲያኑ፣ የእስላሙ ለእስላሙ፣ ማንም በዚህ አይቀየምም። ለሸጊቱ ልጅ ክርስትና ለሰልማ ተብሎ በግ ለብቻው ተገዛ፣ የሰልማ ባል ወንድም ሳሊም መጥቶ አረደው፣ አዲስ ቢላና አዲስ ድስት ወጣ። ያ ድስት እስከ ዛሬ ሸጊቱ ቤት የሰልማ ተብሎ ለብቻው ተቀምጧል፤ ሸጊቱ ሽንኩርት እንኳ አቁላልታበት አታውቅም።

ነገሩ የመጣው በመስቀል ነው። ሰልማ እህቷ ወልዳ አራስ ልትጠይቅ አዲ አርቃይ ወርዳለች፣ ሱቁም ለበዓሉ ተዘግቷል። የሱቁ ጣሪያ ስለሚያፈስ ሸጊቱ ምንጣፏን ወደ ቤቷ አምጥታ አልጋዋ ሥር አስተኛቻትና እሷ ደግሞ ደመራውን ከእናቷ ጋር ልታይ ዳባት ሄደች። ቤቱን ለባሏ ለቢራራ ተወችለት። ቢራራን ያወቀ ሰው ይህን ስህተት አይሠራም ነበር፣ ሸጊቱ ግን ካገባችው ስለቆየች ማወቋን ረስታዋለች።

ቢራራ ክፉ ሰው አይደለም። በእህል መጋዘን ሚዛን ላይ ቆሞ የሚውል ሰው ነውና እኩል ያልሆነ ነገር ሲያይ ያመዋል። ዳቦ ሲቆርስ ጎንበስ ብሎ በአንድ ዓይኑ ያነጣጥራል። የሰፈሩ ሰዎች ይህን አውቀው የቅርጫው መዳቢ አድርገውታል፤ በሬው ታርዶ ሥጋው በየመደቡ ሲከፋፈል ቢላውን የሚይዘው እሱ ነው። ግን ምን ያደርጋል፣ በየበዓሉ ዕጣው ከወጣ በኋላ ጠብ ነው። ያርጋል የሚባሉት ሽማግሌ ደግሞ የጠቡ አባት ናቸው። የደረሳቸውን መደብ በእጃቸው ከፍ ዝቅ አድርገው ይመዝናሉ፣ የጎረቤታቸውን ያያሉ፣ ከዚያ «ለእኔ የደረሰኝ በሬ ሥጋ አልነበረውም እንዴ?» ይላሉ። ዘንድሮ ቢራራ ይህን ጠብ ከሥሩ ልንቀለው ብሎ ሲያስብ፣ ሲያስብ፣ አልጋው ሥር ያለችው አረንጓዴ ትዝ አለችው። መስመሯ ትዝ አለው። ካሬዋ ትዝ አለው። ሚስቱ ምን እንደምትል ግን ትዝ አላለውም።

ሸጊቱ ከዳባት ስትመለስ ባሏ ደጅ ላይ ቆሞ ጠበቃት። ባል ደጅ ላይ ቆሞ ከጠበቀ ወይ ሰው ሞቷል ወይ የሚያኮራ ሥራ ተሠርቷል፤ ፊቱን ስታየው የሞተ ሰው የለም።

«ዘንድሮ ያለ ጠብ ተካፈልን» አለ ቢራራ። «ያርጋል ራሳቸው አመሰገኑኝ።»

«ምን ተገኘ?»

«ካሬ።»

«የምን ካሬ?»

ቢራራ ወደ ጓዳ መራት። ምንጣፏ ከምድጃው አጠገብ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። እንደ ኮርቻ ጎብጣለች። ነጫጭ መስመሮቿ ውስጥ ስብ ረግቷል፣ ፊቷ በቢላ ተቸፍችፏል፣ መካከሏ ላይ ደግሞ የመጥረቢያ አፍ የምታህል ስንጥቅ አለች። የጎድን አጥንቱን የከሰከሱት ያርጋል ናቸው፤ መጥረቢያቸውን ካሬ መሐል ለማሳረፍ ብዙ ተጠንቅቀው እንደነበር ቢራራ መሰከረላቸው።

«አጥቤያታለሁ ደግሞ» አለ። «ስቡ እንቢ ቢለኝ በፈላ ውኃ። እንድትደርቅልሽ ብዬ እሳቱ ጋ አቆምኳት።»

ሸጊቱ አፏን በእጇ ያዘች። ፈረንጇ አታድርጉ ያለችውን ሁሉ አንድም ሳያስቀር በአንድ ቀን አድርጎታል፣ ያውም ሥልጠናውን ሳይወስድ። ተናዳለች፣ ከንዴቷ ግን ፍርሃቷ በለጠ። የላስቲኩ ነገር ቢብስ ይጣላል። ሰልማ ግን እጇን እዚህ ላይ እንዴት አድርጋ ታሳርፋለች? ለዚያች ሴት አዲስ ድስት የወጣላት ቤት፣ የጋራ ዕቃዋን ወስዶ የመስቀል በሬ ከትፎባታል። ባትቆጣ እንኳ ቅር ይላታል፤ ሰልማ ቅር ሲላት ዝም የምትል ሰው ናት፣ ያን ዝምታዋን ሸጊቱ አንዴ አይታዋለች፣ ሁለተኛ ማየት አትፈልግም።

«ሰልማ መቼ ነው የምትመጣው?» አለ ቢራራ፣ ነገሩ አሁን ገና እየገባው።

«በሳምንቱ።»

«ታዲያ ጊዜ አለን።»

«አለን?» አለች ሸጊቱ። «አንተ ነህ ያለህ። እጅጌህን ሰብስብ።»

መጀመሪያ ትድን፣ ከዚያ እነግራታለሁ ብላ ወሰነች። የምትነግርበትን ቀን ግን አልወሰነችም።

ሥራው የተጀመረው በማግስቱ ጠዋት ነው። በቤቱ ያለው ሳፋ ሁሉ ጠበባት። ስለዚህ ሸጊቱ ግቢው ውስጥ ሰፊ ላስቲክ አነጠፈች፣ ጠርዙን በድንጋይ ከፍ ከፍ አደረገችና ስስ ኩሬ ሠራች። የረጋውን ስብ በተሰበረ የላስቲክ ማስመሪያ ጠርዝ እየገፋች አነሳችው፤ ብረት ቢነካት ሌላ ቁስል ነው። ቀጥሎ የሚያስፈልገው አቼቶ ነበር። ፈረንጇ ሽታ ከገባባት በውኃ ያቀጠነ አቼቶና ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ይበቃታል ብላ ነበር። ይህ ስብ ግን በጥቂት የሚመለስ አይመስልም።

አቼቶ ያለው ሳሊም ሱቅ ነው። ሳሊም ደግሞ የሰልማ ባል ወንድም ነው። ሸጊቱ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ፊቷን የሰላጣ ፊት አድርጋ ገባች።

«ሰላጣ ልትሠሪ ነው?» አላት ሳሊም።

«ሰላጣ።»

«በዚህ ሁሉ አቼቶ?»

«እንግዳ አለብኝ።»

ሳሊም ጠርሙሶቹን በወረቀት እየጠቀለለ ሳቅ አለ። «እናንተ ልብስ ሰፊዎች ምን ነካችሁ? ሰልማም ከአረፋ በኋላ እንዲሁ ተሸክማ ነበር የሄደችው። ሰላጣ ነው ያለችኝ እሷም።» ሸጊቱ ልቧ ሌላ ቦታ ስለነበረ፣ ሰልማ ሰላጣ ትወዳለች ብላ መልስ ሰጥታ ወጣች። ሰልማ ሰላጣ አትወድም።

ምንጣፏ በቀዝቃዛ ውኃና በአቼቶ ተዘፍዝፋ አረፈደች። ከዚያ ሸጊቱ በጥርስ ብሩሽ፣ ሳትጫን፣ ክብ ክብ እያደረገች ትፈገፍጋት ጀመር። ስቡ ሲለቅ፣ ከሥሩ በየጭረቱ ውስጥ ለዓመታት ተቀርቅሮ የኖረ የጨርቅ ብናኝም አብሮ ይወጣ ጀመር። የተማሪ ደንብ ልብስ ሰማያዊ ወጣ። የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ሐምራዊ ወጣ። መጀመሪያ ሸጠው በደስታ ቁርሳቸውን የረሱበት ብርድ ልብስ ቀይ ወጣ። ሸጊቱ ብሩሹን ይዛ አየችው። ከሰልማ ጋር የሠሩት ሥራ ሁሉ ውኃው ላይ ተንሳፍፎ ነበር፤ አለቀሰች፣ ቢራራ ሲመጣም አቼቶው ዓይኔ ገባ አለችው።

ያልወጣውን ብናኝ በመርፌ ጫፍ እየለቀመች፣ ቢላ ያስነሳውን ጠርዝ ደግሞ አናጢዎች እንጨት በሚያለሰልሱበት በደቃቁ የብርጭቆ ወረቀት ቀስ እያለች አስተካከለች። ፊቷ ሲያልቅ ገለበጠቻት። እዚህ ላይ ነው ደሟ የፈላው። ጀርባዋም ተከትፏል። በአንዱ ጭረት ውስጥ እንዲያውም የጥፍር ስባሪ የምታህል አጥንት ተሰክታለች።

«ጀርባዋስ ምን በደለህ?» አለችው።

ቢራራ መጥቶ አጎንብሶ አየ። «እኛ በጀርባዋ አልነካናትም።»

«አጥንቱ በእግሩ ሄዶ ነው የገባው?»

«ሸጊቱ፣ እኔ መስመሩን ፈልጌ እኮ ነው የወሰድኳት። መስመር በሌለው በኩል ምን ልሠራባት?» ብሎ በመስቀሉ ማለ። ሸጊቱ አላመነችውም። የሰው ምንጣፍ በፈላ ውኃ የሚያጥብ ሰው ምን አይልም?

የቀረው ጉብጠቷ ነበር። ያጎበጣት ሙቀት ነው፤ በልክ ከሆነ የሚያቃናትም ሙቀት ነው። ለብ ባለ ውኃ አርሳ ስትለሰልስላት፣ ወለሉ ላይ ጣውላ አነጠፈች፣ ምንጣፏን አስተኛችበት፣ በላይዋ ሌላ ጣውላ ጫነች። በዚያ ላይ ቢራራ ገብስ የሞላባቸው ጆንያዎች ተሸክሞ አመጣ። ክብደታቸው በአራቱም ማዕዘን እኩል እንዲሆን እያነሳ፣ እየመለሰ፣ አንዱን ጆንያ ሁለቴ መጋዘን ድረስ ወስዶ እያስመዘነ አስተካከለ። ቅጣቱ ደስ ብሎት ነበር። ይህ ሸጊቱን ይበልጥ አናደዳት።

ቤት የመጣ ሰው ሁሉ መሐል ቤት የተቆለለውን ጆንያ አይቶ «እህል ልትነግዱ ነው?» ይላል። ሸጊቱ «ቁጭ በሉበት፣ ይሞቃል» ትላለች። ቀጭን ሰው ከመጣ ወደ ወንበር ትመራዋለች። ያርጋል ስለ ካሬው ሊያመሰግኑ የመጡ ዕለት ግን ለየት አድርጋ አስተናገደቻቸው። ያርጋል ደህና አካል ያላቸው ሰው ናቸው።

«ጋሽ ያርጋል፣ ትንሽ ወደ ግራ ጠጋ ይበሉ። እዚያ ነው የሚሞቀው።»

«እግዜር ይስጥሽ» ብለው ጠጋ አሉ፣ ልክ መጥረቢያቸው ባረፈበት ላይ። ጠላ ቀዳችላቸው፣ ደገመቻቸው፣ ስለ ልጆቻቸው ጠየቀቻቸው፣ ስለ ወገባቸው ጠየቀቻቸው። ሊነሱ ሲሉ «ምነው፣ በዚህ ብርድ?» አለቻቸው። እንዲህ ያለ አክብሮት ከማንም አግኝተው አያውቁም። ሲወጡ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር ማለት ይቻላል።

ጆንያው ሲነሳ ምንጣፏ ለጥ ብላ ተኝታለች። የቢላው ጭረት አብዛኛው ገጥሟል። የመጥረቢያው ስንጥቅ ግን አልገጠመም፤ ያን ያህል የጠለቀ ነገር በራሱ አይድንም። ሽታውም ጠፍቷል፣ ወይም ከአቼቶው ሥር ተደብቋል። ሸጊቱ ተሸክማ ሱቅ ወሰደቻት፣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻት፣ ስንጥቋ ላይ የተቆለለ ጨርቅ አስቀመጠችባት። ሰልማ ልትመጣ ሁለት ቀን ይቀራታል። ሁለት ቀን ለሸጊቱ ወሬ ለማሰናዳት ይበቃታል።

በዚያው ከሰዓት በሩ ተከፈተና ሰልማ ገባች። ከመንገድ እንደመጣች ናት፣ ሻንጣዋን እንኳ ቤት አላደረሰችም። በሩን ከኋላዋ ዘጋች።

«ሳሊም ደውሎልኝ ነበር» አለች። «አቼቶ ገዛሽ አለኝ። ብዙ።»

ሸጊቱ ክው አለች። ያሰናዳችው ወሬ ግማሽ ስለነበረ ከየት እንደምትጀምረው ጠፋት።

«አውቀሻል ማለት ነው» አለች ሰልማ፣ ወንበር ላይ ዘፍ ብላ። «መቼም አንቺ ጀርባዋን ሳታዪ አትቀሪም ብዬ ስሰጋ ነበር የከረምኩት። አማቴ ናቸው፣ እትዬ አሲያ። ለአረፋ ቤት ወስጃት ነበርና፣ መክተፊያው ጠበበን ብለው እኔ ሶላት ላይ ሳለሁ ከቤት አውጥተው ሙክቱን ከተፉባት። በመስመሩ በኩል ይበላሻል ብለው አዝነው፣ በጀርባዋ። አዝነውላት እኮ ነው። ደርሼ ሳይ ምን ልበል? አማቴ ናቸው።»

ሸጊቱ ስንጥቋ ላይ የተቆለለውን ጨርቅ ደህና አድርጋ አስተካከለች።

«ያኔውኑ ልነግርሽ ነበር» ቀጠለች ሰልማ። «ግን የሰኔ ጾም ገባ። በጾምሽ የሥጋ ወሬ እንዴት አነሳለሁ? ስትፈቺ እነግርሻለሁ ስል ፍልሰታ ገባ። እናንተ ደግሞ ጾም አያልቅባችሁም። እኔ እኮ ለአንቺ ብዬ ነው የፈራሁት፣ ለእኔ ተብሎ አዲስ ድስት የወጣበትን ቤት ሳስብ እንቅልፍ አጣሁ።»

ደህና ሰው ቢሆን እዚህ ላይ «እኔም አለብኝ» ይል ነበር። ሸጊቱም ልትል ነበር፤ በኋላ እንደማለችው ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ተበዳይ ሆና ስለማታውቅ ትንሽ ልቅመሰው አለች። አንገቷን ዘንበል አደረገች፣ ያን ለተከራካሪ ደንበኛ የምታደርገውን። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። አንጀቷ ቅቤ ጠጥቷል።

«የሆነው ሆኗል» አለች በተሰበረ ድምፅ።

«እክስሻለሁ» አለች ሰልማ። «ከነገ ጀምሮ የካውያውን ከሰል እኔ አቀጣጥላለሁ።» ደባርቅ ጠዋት ብርድ ላይ ቆሞ የካውያ ከሰል ማቀጣጠል ሁለቱም የሚጠሉት ሥራ ነው። «እስከ ገና።»

«እስከ ፋሲካ» አለች ሸጊቱ፣ ይቅር ባይ ሆና።

«ይሁን፣ እስከ ፋሲካ።»

በሩ ተንኳኳና ያርጋል ገቡ።

«እንደምን ዋላችሁ ልጆቼ? ሰልማ፣ አራሷ ደህና ናት? እኔ እንኳ ቅርጫ ማኅበርተኛው ልኮኝ ነው የመጣሁት። ለገና ያቺን አረንጓዴ መልሳችሁ እንድታውሱን። ዕድሜ ለሸጊቱ፣ በመስቀል ያለ ጠብ የተካፈልነው በሷ ነው። በመጥረቢያ ትንሽ ነክቻት ነበር፣ መሐሏ ላይ። ደህና ሆነች?»

ሰልማ ተነሳች፣ ወደ ጠረጴዛው ሄደች፣ የተቆለለውን ጨርቅ አነሳችው። ስንጥቋን አየች። በጣቷ ዳሰሰቻት። ከዚያ ጨርቁን በቦታው መለሰችና ወደ ሸጊቱ ዞረች።

«እስከ ፋሲካ?» አለች።

ሸጊቱ መሬቱን አየች። የሰልማ ዝምታ ተከተለ፣ ያ የምትፈራው። በሕይወቷ በብዙ ሰው ላይ አሹፋለች፣ እንደዚህ ያፈረችበት ቀን ግን አልነበረም። «ልነግርሽ ነበር» ልትል አሰበች፣ ግን ይህን ቃል አሁን ገና ከሰልማ አፍ ስለሰማችው ዋጋ እንደሌለው አወቀች። «ይቅር በይኝ» አለች ብቻ። «እውነቴን ነው ሰልማ፣ ይቅር በይኝ።»

ሰልማ ወደ ያርጋል ዞረች፣ ሻሿን አስተካከለች፣ ፊቷ ላይ የሰላጣ ፊት ታየ።

«ጋሽ ያርጋል፣ ብናውስዎ ደስ ባለን፤ ለድግስ ዕቃ ይነፈጋል እንዴ? ግን መደበቅ ደግ አይደለም። እሷ ላይ እኮ በአረፋ የእኛ ቤት ሙክት ተከትፎባታል።»

ያርጋል የበሩን መቃን ይዘው የነበረ እጃቸውን አነሱ። «መቼ ነው ያልሽው?» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ አረፋ ከመስቀል በፊት መዋሉ ትዝ አላቸው መሰል፣ ዘጉት። እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አሳረፉ፣ የሆነ ነገር እዚያ ውስጥ ይሰማቸው ይሆን እንደሚል ሰው።

«እኔ ምንም አልጠየቅኩም» አሉ በመጨረሻ። «እናንተም ምንም አልነገራችሁኝም።» ከመጡበት በፈጠነ እርምጃ ወጡ። በዚያ ወገብ እንዲያ መሄድ መቻላቸው ሸጊቱን አስገረማት።

በሩ ሲዘጋ መጀመሪያ የሳቀችው ሰልማ ናት። ሸጊቱ ግን ሳቋ የመጣው ካለቀሰች በኋላ ነው። ሰልማ አጠገቧ ተቀምጣ በሻሿ ጫፍ ፊቷን ጠረገችላት፣ «አቼቶ ነው?» እያለች።

«ምንጣፏስ ታዲያ?» አለች ሸጊቱ፣ እንባዋ ሲቆም። «ቅር ይልሻል?»

ሰልማ አሰበች። «ጨርቅ ነው የምንቆርጥባት። ሁለቱም ሥጋ በአቼቶ ወጥቷል። እኔን ቅር ካላለኝ አንቺን ምን ቅር ይልሻል?»

«የከሰሉስ ነገር?»

«የከሰሉን ነገር ቢራራ ያቀጣጥለዋል» አለች ሰልማ። «እስከ ፋሲካ።»

ያርጋል ምንም አልሰሙምና ምንም ሳይነግሩ ለማኅበርተኛው ሁሉ ነገሯቸው፤ ከክርስቲያኑ ወገን አረንጓዴዋን የጠየቀ ዳግመኛ አልመጣም። ወሬው ግን ወደ ማዶ አልተሻገረም ነበር። ብዙም ሳይቆይ እትዬ አሲያ ለልጃቸው ለፈሀድ ሠርግ ምንጣፏን ላኩልኝ አሉ። ይህን ጊዜ የሄደችው ሸጊቱ ናት፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጉልበት ለመሳም ያህል ዝቅ ብላ።

«እትዬ፣ ለእርስዎ እምቢ ከምል ብሞት ይሻለኛል። ግን የመስቀል ቅርጫ ተመድቦባታል፤ ባልነግርዎ ኃጢአቱ የእኔ ነው።»

«አስተግፊሩላህ» አሉ እትዬ አሲያ። ቀጥለው ሸጊቱን ትክ ብለው አዩዋት፣ እሷም አየቻቸው፣ ማን በማን ላይ ምን እንደሚያውቅ ለሁለቱም ግልጽ ሆነ። «ሰልማ ነግራሻለች?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ምኑን?» አለች ሸጊቱ።

እትዬ አሲያ ለሠርጉ ሁለት አዲስ የእንጨት መክተፊያ ገዙ። አረንጓዴዋም ከዚያ ወዲህ ከሰማያዊው በር ወጥታ አታውቅም። ሰልማ በመስመሩ በኩል ትቆርጣለች፣ የያርጋልን ስንጥቅ እየዘለለች። ሸጊቱ በጀርባዋ ትቆርጣለች፣ በእትዬ አሲያ ጭረት ላይ። ሳምንት በሳምንት ትገለበጣለች፣ ሁለቱም ፊቷ እኩል እንዲያርፍ፤ ይህን ሐሳብ ያመጣው ቢራራ ነው፣ ጠዋት ጠዋት የካውያውን ከሰል እያራገበ።

የገና ቅርጫ በጠብ አለቀ። ቢራራ መደቡን ይዞ ሲመጣ የአንድ እጅጌው ስፌት ተተርትሯል። ያርጋል ይዘውት ነበር። ሸጊቱ ምንም አላለችውም፤ ቀኑ በዓል ነው።

ማምሻውን ሰልማ እንኳን አደረሳችሁ ልትል መጣች፣ የተጠቀለለ ብርድ ልብስ ይዛ። በድብቅ የሰፋችው ነው። ሸጊቱ ለሰው ስትሰፋ እንጂ ለራሷ ድሪቶ ኖሯት አያውቅም፤ ዘርግታ አየችው። ከዚያ እንደ ልማዷ ዓይኗ ወደ ጥጉ ሄደ። በአበባውና በኮከቡ መካከል ሁለት አህዮች ፊት ለፊት ቆመዋል። አንዷ ከሸጊቱ አሮጌ ነጠላ ተቆርጣለች፣ ሌላዋ ከሰልማ ሻሽ። ጆሯቸው በደንብ ረዝሟል።

ሸጊቱ አህዮቹን ብዙ አየቻቸው። ከዚያ እጅጌው የተተረተረውን ባሏን አየችው።

በዓሉ እንዳለፈ ሱቅ ሄዳ፣ ከገብስ ጆንያ ላይ ሦስተኛ አህያ ቆርጣ ከሁለቱ አጠገብ ሰፋቻት።